ወደ ፊት የምትተነፍሰው መኪናዬ

ደብረ ታቦር ውስጥ የመኪና ኮፈን ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? ካልከፈታችሁ አትሞክሩት። ዘመድ ቢሞትባችሁ እንኳ ያን ያህል ሰው አይደርስላችሁም። ኮፈኑ ገና ሳይደገፍ ከሻይ ቤቱ፣ ከፀጉር ቤቱ፣ ከባጃጅ ተራው ሰው ይጎርፋል። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለበት ሰውዬ ቀጠሮውን ትቶ ይመጣል። ሁሉም አንገቱን ሞተሩ ውስጥ ይከታል፣ ሁሉም ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ሁሉም ባሕር ዳር አንድ ጓደኛ አለው፤ ያ ጓደኛው ደግሞ ልክ የእናንተው ዓይነት መኪና ነበረው። ከእነዚህ ሁሉ አማካሪዎች መሀል ግን መኪና ያለው አንድ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። መኪና ያለውማ ሌላ ቦታ የራሱን ኮፈን ከፍቶ እየተመከረ ነው።

የኔዋ አሮጌ የጭነት መኪና ናት። ጣሊያን ሠራሽ፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ዕድሜዋ ከኔ የሚበልጥ። በወጉ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ድንችና ገብስ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ፣ አልፎ አልፎም ሙሽራ ከነሚዜዎቿ አመላልስባታለሁ። ሙቀት የሚያሳየው መርፌ እኔ እጅ ከመግባቷ በፊት ስለሞተ፣ ውሃዋ መፍላቱን የማውቀው በጠረኗ ነው። ወደ ክምር ድንጋይ የሚያወጣው ዳገት ላይ ስትደርስ መሽተት ትጀምራለች። አቆማለሁ፣ ውሃ እጨምርላታለሁ፣ ሁለታችንም ትንሽ እናርፍና መንገዳችንን እንቀጥላለን። እንዲህ እየተቻቻልን ስንት ዘመን ኖርን! ትዳር ከዚህ የሚለየው በምንድን ነው?

ታዲያ አንድ ቀን፣ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ ውሃ ልጨምርላት ብዬ ሻይ ቤቱ በር ላይ አቁሜ ኮፈኗን ከፈትኩ። ጦሱ ከዚያ ጀመረ።

ከራዲያተሩ ኋላ፣ ከሞተሩ ፊት፣ ቺንጋ የሚሉት የላስቲክ ቀበቶ የሚያዞረው ትልቅ የብረት ማራገቢያ አላት። ሥራው ቀላል ነው፤ የውጭውን አየር በራዲያተሩ በኩል ወደ ውስጥ እየሳበ ውሃውን ያበርድላታል። ከተሰበሰበው ሕዝብ አንዱ በጣቱ ወደዚህ ማራገቢያ ጠቆመና ጉልበቷን የሚበላው እሱ እንደሆነ ነገረኝ። ሰውዬው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሞተሩ መኪናዋን ይጎትት ወይስ ይህን ሁሉ ብረት ያሽከርክር ብሎ ጠየቀኝ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ በዚህ ዘመን በቀበቶ የሚዞር ማራገቢያ ይዤ ስሄድ አለማፈሬ እንደገረመው ተናገረ። ባሕር ዳር ሁሉም ሰው ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሯል አሉ። ከዚያ ሳቁብኝ።

እኔ ረሃብ እችላለሁ። የጉናን ብርድ እችላለሁ። የባለቤቴን የባንቺን ኩርፊያ እንኳ እችላለሁ። ሲሳቅብኝ ግን አልችልም። የዚያኑ ዕለት መኪናዋን እየነዳሁ ወደ ኢንጂነር ስማቸው ጋራዥ ሄድኩ።

ስለ ስማቸው ላስተዋውቃችሁ። ኢንጂነር ያለው ማንም የለም፣ ራሱ ነው። "ስማቸው" ብላችሁ ብትጠሩት አይሰማም፤ "ኢንጂነር" ስትሉት ከመኪና ሥር ብቅ ይላል። ጋራዡ ግድግዳ ላይ በመስታወት ያስገባው የምስክር ወረቀት አለ፤ ቀረብ ብላችሁ ስታነቡት ስለ ንብ ማነብ የተሰጠ የሦስት ቀን ሥልጠና ነው። የዚህ ሰው ትልቁ በሽታ "አላውቅም" የሚል ቃል ከአፉ አለመውጣቱ ነው። የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ገጥሞ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀብኝና ስልኩን አወጣ። እሱም እኔም በማናውቀው ቋንቋ አንድ ወፍራም ሰውዬ የሚያወራበት ቪዲዮ አሳየኝ። ስማቸው በየመሀሉ "አየህ?" ይለኛል። እኔም "አየሁ" እላለሁ። ምን እንዳየሁ ፈጣሪ ይወቀው።

ማራገቢያውን ከተገጨ አውቶሞቢል ላይ ነቅሎ አመጣው። አሮጌውን የብረት ማራገቢያ ደግሞ እኔ ሻይ ልጠጣ ብዬ ስሄድ ለብረታ ብረት ለቃሚ ሰጠው። ለምን ሰጠኸው ብዬ ስጠይቀው፣ ወደ ኋላ የምንመለስበት ምክንያት አይኖርም አለኝ። ወደ ኋላ! ይህን ቃል ያዙልኝ።

ተገጥሞ ሲያልቅ ሊሞከር ሆነ። የሻይ ቤቱ ሕዝብ ወሬውን ሰምቶ እግሩ እስኪቀጥን መጥቶ ነበር። ስማቸው ሞተሩን አስነሣና ሽቦውን አገናኘ። ማራገቢያው እንደ ተርብ ጮኸ፤ ከመኪናዋ አፍንጫ ነፋስ ወጣ። ሕዝቡ ፊቷ ተሰልፎ እጁን እየዘረጋ ነፋሱን ቀመሰ። አንዱ ኮፍያውን አውልቆ ፀጉሩን አስመታ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ይቺ መኪና በጋ በጋ ደጄ ላይ ብትቆምልኝ ደንበኛ ይበዛልኝ ነበር አለች። ይነፍሳል ተባለ፣ ተጨበጨበ።

አሁን እናንተ ቁጭ ብላችሁ የምታነቡት፣ ነፋሱ በየት በኩል መውጣት እንደነበረበት ገብቷችኋል። ወደ ውስጥ መሳብ ያለበት ማራገቢያ ወደ ውጭ ይገፋል! እኛ ግን፣ ያ ሁሉ ወንድ ተሰብስበን፣ ማራገቢያ ማለት ፊት ላይ የሚነፍስ ነገር ነው ብለን የቆምንበትን ቦታ ለቀን አንድ እርምጃ እንኳ አልሄድንም። ደግሞ ሳይነገረን የቀረ እንዳይመስላችሁ። ባንቺ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ነበር። ዓረብ አገር ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ሴት ናት፣ ማራገቢያ ብርቋ አይደለም። ፊቷ ቆማ፣ ትኩስ ነው እኮ፣ ፊቴን አቃጠለኝ አለች። ስማቸው በትዕግሥት አስረዳት። ሙቀቱን እያወጣችው ነው አላት፤ ሙቀት ከወጣ የሚቀረው ምንድን ነው? ቅዝቃዜ ነዋ! ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። እሷ ምሳውን አስቀምጣ ሄደች።

እዚህ ላይ ብቻ ቢቆም ምናለበት። አላቆምኩም። በሳምንቱ እሑድ አማቴ አገር ሰንበቴ ላይ ተገኘሁ።

አማቴ አያ ጓዴ ይባላሉ። ከክምር ድንጋይ ወጣ ብሎ፣ የጉናን ግርጌ ተደግፈው ገብስ የሚያርሱ፣ ከሁለት ቃል በላይ መናገር የሚያደክማቸው ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸውን ከዳሩልኝ ጀምሮ መኪናዬን "ያቺ ነገር" እንጂ መኪና ብለዋት አያውቁም። ዐውድማቸው ከሜዳው ላይ ነው፤ ቤታቸው ደግሞ ከዐውድማው በላይ፣ ነፍስ የሚያወጣ ዳገት ጫፍ ላይ። በየዓመቱ ገብሱን ከዐውድማ ወደ ቤት የሚያወጡት ከጎረቤት አህያ ለምነው ነው። ጠላው ሞቅ ሲያደርገኝ፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት፣ ዘንድሮ አህያ የሚባል ነገር እንዳይለምኑ፣ ገብሱን ከዐውድማ እስከ ጎተራ የማደርሰው እኔ እንደሆንኩ አወጅኩ። መኪናዋ ኤሌክትሪክ ሆናለች አልኩ። ዳገት የሚባል ነገር አታውቅም አልኩ።

አያ ጓዴ ጠላቸውን አስቀመጡ።

"ቃልህ ነው?" አሉ።

"ቃሌ ነው አያ።"

አህዮቹ የዚያኑ ዕለት ለሌላ ሰው ተሰጡ። አሁን ነገሩ ገባችሁ? የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ የተንጠለጠለው በኔ ምላስና በስማቸው ሽቦ ላይ ነው። ሁለቱም በደንብ አልተያያዙም።

ገብሱ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ በበሬ ተበራይቶ ሲያልቅ ተደወለልኝ። ስልኩን ያነሡት ራሳቸው አያ ጓዴ ናቸው። ጉና ደመና ይዟል፣ ና አሉኝ። በታኅሣሥ ዝናብ! አለወቅቱ የሚመጣ ዝናብ ዐውድማ ላይ የተዘረጋ እህል ካገኘ ምን እንደሚያደርግ የገበሬ ልጅ ያውቀዋል። ያበቅለዋል፣ ያሻግተዋል፣ ከዚያ ለከብትም አይሆንም። ባንቺን ጋቢና አስገብቼ በጠዋት ወጣሁ።

ማራገቢያው ከተቀየረ ወዲህ ዳገት አይታ አታውቅም፤ ሜዳው ላይ ምንም አልነበረባትም። ዳገቱን ገና ስንያያዝ ግን ሸተተች። ድሮ ከምትሸትበት ቦታ ብዙ ቀድማ ማለቴ ነው። አቆምኩ፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ተነሣሁ፤ ከአንድ ኩርባ በኋላ እንፋሎቱ ኮፈኑን አልፎ መስታወቱን ሸፈነው። አቆምኩ፣ ውሃ ጨመርኩ። ያመጣሁት ውሃ አለቀ። ባንቺ ጀሪካን ይዛ ወደ ምንጩ ወረደች፤ ስትመለስ ጀሪካኑን እግሬ ሥር አስቀምጣ ጋቢናውን ዘጋች።

እኔ በበኩሌ ስልኬን አውጥቼ ለስማቸው ደወልኩለት። ሞተሩ ስለፈላ ነው አለኝ። ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን ያስፈልጋል! ቀስ ብለህ ንዳት አለና ዘጋው።

ቀስ ብዬ ነዳሁ። ምን ያህል ቀስ ብዬ ቢባል፣ ከኋላችን ጭነት የያዙ አህዮች መጡና አለፉን። አየኋቸው፣ አወቅኳቸው። እነዚያው አህዮች ናቸው! አማቴ እንዳይለምኗቸው የከለከልኳቸው። ባለቤታቸው ባርኔጣውን አንሥቶ በአክብሮት እጅ ነሣኝና እንዴት አደርክ አለኝ። ስድብ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንደኛዋ አህያ ዘወር ብላ አይታኛለች፤ ይህን ስናገር ባንቺ አልሆነም ትላለች፣ ግን አይታኛለች።

ከዐውድማው ስንደርስ ፀሐይ አጋድላ ነበር። እዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀን። ገብሱ ከእብቁ ጋር እንደተደባለቀ ክምር ሆኖ ተቀምጧል። አልተለየም። ለምን ቢባል ነፋስ የለም። እህል ከእብቅ የሚለየው በላይዳ ወደ ላይ ተበትኖ፣ ነፋስ እብቁን ሲወስደው፣ ፍሬው ሲወድቅ ነው። ጉና ደግሞ፣ ሌላ ጊዜ የሰው ነጠላ ከትከሻው የሚገፍ ጉና፣ ከሦስት ቀን ጀምሮ ትንፋሹን ውጦ ቁጭ ብሏል። ጎረቤቱ ሁሉ ላይዳውን ተደግፎ ሰማይ ሰማይ ያያል። ከላይ ደመናው ይጠቁራል፣ ከታች ቅጠል አይነቃነቅም። ይህን ሳይ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ እህሉ ባይለይ ጥፋቱ የነፋስ እንጂ የኔ አይሆንም ብዬ ትንሽ ቀለል አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ ማለት ይቻላል።

መኪናዋን ፊቷን ወደ ዐውድማው አድርጌ ዳር ላይ አቆምኩና፣ የጋለ ሞተር በድንገት ስለማይጠፋ፣ ትንሽ ትተንፍስ ብዬ ሳላጠፋት ወረድኩ። ለአያ ጓዴ ሰላምታ ላቀርብ ዝቅ ስል እሳቸው እኔን አያዩም። የሚያዩት ከኔ ኋላ ነው። ዞር አልኩ። ከዐውድማው ዳር ያለው እብቅ ብድግ ብድግ እያለ ይሄዳል።

አያ ጓዴ አንድ እፍኝ ገብስ ከነእብቁ ዘገኑና ወደ መኪናዋ አፍንጫ ሄዱ። እጃቸውን ከፍ አድርገው ቀስ እያሉ ለቀቁት። እብቁ በረረ፣ ፍሬው እግራቸው ሥር ወረደ። ደግመው ዘገኑ፣ ደግመው ለቀቁ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"ቅረብ" አሉኝ። "ግን ጫማዋን ታውልቅ።"

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በኛ አገር ዐውድማ ላይ በጫማ አይወጣም። እህል ነውና ይከበራል፤ ሹምም ይሁን ቄስ ጫማውን ዳር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። ይህን አውቃለሁ፣ እኔም አውልቄያለሁ። ግን መኪና! ጎማ ጫማ ሳይሆን እግር ነው ብዬ ተከራከርኩ። ከጎረቤቶቹ አንዱ እውነቱን ነው፣ ከብትስ ከነሰኮናው ይገባ የለም እንዴ ብሎ ደገፈኝ። እዚያ ላይ ነገሩ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። አንድ ሌላ ሽማግሌ ግን ዐውድማው ዳር ከተደረደሩት ጫማዎች የራሳቸውን በረባሶ አንሥተው መጡ። ከመኪናዬ ጎማ አጠገብ አስቀመጡት። በረባሶ እንግዲህ ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሰፋ ጫማ ነው። ጥርሱ ከጥርሱ ጋር አንድ ነው፣ ጥቁረቱም አንድ ነው። ይቺ የተጫማችው ያልተቆረጠ በረባሶ ነው አሉ ሽማግሌው። ለዚህ መልስ የሚሰጥ ጠበቃ ካለ አምጡልኝ።

ሰማዩ እየጠቆረ፣ የአንድ ቤት ቀለብ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ፣ እኛ የመኪና ጫማ እንፈርዳለን! ተናደድኩ። ንዴቴን ግን የሰማ የለም። በመጨረሻ ስምምነት ተደረሰ፤ የፊት ጎማዎቿ በውሃ ታጥበው፣ ከሥራቸው ቁርበት ይነጠፍላቸዋል፣ በቁርበቱ ላይ ሆና ትገባለች ተባለ። እኔ የፊት ጎማ ተንበርክኬ አጠብኩ። ከየቤቱ ቁርበት መጣ። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ሲነጠፍልኝ አይቼ አላውቅም፤ ለሷ ተነጠፈ።

ከዚያ ተጀመረ። እኔ ጋቢና ውስጥ ነዳጅ መስጫው ላይ እግሬን አድርጌ፣ አያ ጓዴ በስተግራ ላይዳቸውን ይዘው፣ ሌሎቹ በየተራ ገብሱን እየበተኑ። አሮጌው ዲናሞ ሞተሩ ሲጮህ ጠንከር ያለ ኤሌክትሪክ ስለሚሰጥ፣ ነዳጅ ስጨምር ነፋሱ ይበረታል፣ ስቀንስ ይለዝባል። አያ ጓዴ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። መጀመሪያ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ቀጥለው "ጨምር" አሉ። ከዚያ "በቃ፣ ቀንስ" አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ነፋስን ሲለምኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ለነፋስ ተስለዋል፣ ለነፋስ ቀን ሙሉ ቆመዋል፣ መጣ ሲሉት ጠፍቶባቸዋል። አሁን ቀንስ ይሉታል፣ ይቀንሳል። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር በሠርጌም ቀን አላየሁትም። ልዋሽ አልችልም፣ አንጀቴን በላኝ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው እኔን አላመሰገነም። ይመሰገን የነበረው ማራገቢያው ነው። እኔ የነፋሱ ሎሌ ነበርኩ።

ገብሱ ጠርቶ፣ ጆንያ ሆኖ፣ ተጭኖ ሲያበቃ ነጎድጓድ ተሰማ። አሁን የቀረው ዳገቱ ነው። ቃሌም፣ ቀለቡም፣ ስሜም እዚያች ዳገት ላይ ናቸው። ባንቺ ከጆንያዎቹ ላይ ወጣች። አያ ጓዴ ጋቢና ግቡ ስላቸው እምቢ ብለው ዱላቸውን ይዘው በእግር ተከተሉ፤ ከያቺ ነገር ጋር መታየቱን ገና አልወደዱትም።

ግማሽ ሳንደርስ ፈላች። እንፋሎቱ ምድሩን ከደመናው ጋር አገናኘው። አቆምኩና ወርጄ ድንጋይ ከጎማዋ ሥር አስገባሁ። ጀሪካኑ ባዶ ነው። አንድ ጠብታ እጄ ላይ አረፈች። ያን ጊዜ፣ እናቴ ትሙት፣ ማልቀስ አሰኘኝ። በዚያ ሰንበቴ ላይ ምላሴን የቆረጠልኝ ሰው ቢኖር ዛሬ ጆንያዎቹ በአህያ ጀርባ ቤታቸው ገብተው ነበር።

አያ ጓዴ ደርሰው ቆሙ። አላዩኝም። ከመንገዱ ዳር አንዲት የደረቀች ሰንበሌጥ ቀጠፉና ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት ያዟት። ሰንበሌጧ ወደ ፊት ተጎነበሰች።

"ነፋሷ ወዴት ነው የሚነፍሰው?"

"ወደ ፊት ነው አያ።"

"አንተስ ወዴት ነው የምትሄደው?"

"ወደ ፊት።"

"ከነፋስ ጋር ፊት ለፊት ገጥሞ እህል የሚበትን ሰው አይተህ ታውቃለህ? እብቁን ራሱ ነው የሚበላው። አዙራት፣ በኋላዋ ትውጣ።"

ገባኝ። ከውጭ የሚመጣው ነፋስና ከውስጥ የሚወጣው ነፋስ ራዲያተሩ ውስጥ እየተገናኙ ሲቧቀሱ ነው ለካ የዋሉት። የስማቸውን ሥራ ያን ጊዜ ተረዳሁት፤ የረገምኩትን እርግማን እዚህ አልጽፈውም። ተከትለውን የወጡት ጎረቤቶች ከጉድጓድ ቀድተው ያመጡልኝን ውሃ ጨምሬ፣ ትንሽ ካቀዘቀዝኳት በኋላ፣ በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ እየጮኸና እየመራኝ አዞርኳት። በኋላ ማርሽ አስገብቼ፣ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ፣ ወደ ኋላዬ እያየሁ መውጣት ጀመርኩ።

ወጣች። ሳትፈላ ወጣች! እውነቱን ለመናገር ያወጣት የአያ ጓዴ ሰንበሌጥ ብቻ አይደለም፤ የኋላ ማርሿ ከሁሉም ማርሾቿ ጉልበተኛ ስለሆነ፣ መንገዱም ላይ ስላረፈች ነው። ይህን ግን ለማን ልንገር? ከመኪናዋ ጋር እኩል የሚራመዱት ጎረቤቶች ስለ አያ ጓዴ ብልሃት እያወሩ ነው። መሀል መንገድ ላይ አንድ ቄስ አገኙን። ባርከው ሊያሳልፉን መስቀላቸውን አነሡና ፊቷ የት እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። በኋላ ወደ ባንቺ ዘርግተው ጆንያውን ባረኩት። አስተዋይ ሰው ናቸው።

እንደዚያ በጀርባዬ አማቴ ግቢ ገባሁ። አማች ከግቢ በር ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በፊቱ፣ በትሕትና ነው የሚገባው። እኔ ጭስ እየተፋሁ በቂጤ ገባሁ። የመጨረሻው ጆንያ ደፉን ሲያልፍ ዝናቡ ወረደ፣ በረዶም ቀላቀለበት። ገብሱ ግን አንድ ፍሬ አልረጠበም። አያ ጓዴ በሩ ላይ ቆመው ዝናቡን አዩት፣ ገብሱን አዩት፣ በመጨረሻም እኔን አዩኝ። "መኪናዋን ከዝናብ አግባት" አሉኝ። መኪና አሏት! የኔን ርጥበት የጠየቀ የለም።

ሰኞ ጠዋት ስማቸው ጋራዥ ነበርኩ። መንገድ ላይ ስድቡን እየደረደርኩ ነው የወረድኩት። ገና ግማሹን ሳልናገር ኮፈኑን ከፍቶ ሁለቱን ሽቦዎች ነቀለ፣ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አደረገና መልሶ ሰካ። ማራገቢያው ወደ ውስጥ መሳብ ጀመረ። ሌላ ምንም አልነበረም። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ያየሁት? ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አንተ ማራገቢያ ግጠምልኝ አልከኝ እንጂ ወዴት ይንፈስ አላልከኝም አለኝ። የሻይ ቤቱ ሕዝብ መጥቶ ነበር። እኛማ ያኔም ጠርጥረን ነበር አሉ። ባሕር ዳር ያለው ጓደኛቸውም እንዲሁ ገጥሞት ነበር አሉ።

ቢሆንም መኪናዋ ሰው ሆነች። ወደ ክምር ድንጋይ የሚያወጣውን ዳገት አንድ ጊዜ ሳልቆም፣ አንድ ጊዜ ሳትሸት ወጣሁት። አህዮቹን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ጡሩምባ ነፋሁባቸው። እግሬ ከነዳጅ መስጫው ሳይነሣ፣ አገር ሁሉ ይይልኝ ብዬ፣ በፊቴ፣ እንደ ሰው፣ ወደ አማቴ አገር ገባሁ።

ዐውድማው ላይ ሕዝብ ተሰብስቧል። ዝናቡ ሳይነካው ክምሩ ውስጥ የቆየውን ገብሳቸውን ወቅተው የጨረሱ ጎረቤቶች ናቸው። ነፋስ አሁንም የለም። አያ ጓዴ መሀል ላይ ቆመዋል፤ ከፊታቸው ቁርበቱ ሁሉ በሰልፍ ተነጥፏል፣ ለጎማ ማጠቢያ ውሃ በእንስራ ቀርቧል። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ቅረብ፣ ቅረብ እያሉ አስጠጉኝ። ከገብሱ አንድ እፍኝ ዘገኑ፣ ሕዝቡን ዞር ብለው አዩ፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው ለቀቁት።

እብቁ ወደ ሕዝቡ አልሄደም። ተጠቅልሎ ወደ መኪናዋ አፍንጫ ገባና እዚያው ራዲያተሩ ላይ ተለጠፈ። ከፍሬውም የተወሰነውን ይዞት ገባ።

አያ ጓዴ ባዶ እጃቸውን አዩት፣ ቀጥለው መኪናዋን አዩዋት። ሲናገሩ ድምፃቸው የታመመ ሰው እንደሚጠየቅበት ዓይነት ነበር።

"ደኅና ነበረች እኮ። ማነው ያበላሻት?"

ወረድኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩና ኮፈኑን ከፈትኩ።